ከደረጃ ወድቃ

«ትናንትም አስራ አራተኛው ላይ ቆመች» አለች እናትየው፣ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ፣ ከበሩ ጀርባ ባስቀመጠቻት ወንበር ላይ ተቀምጣ። ትልቋ ልጇ ጫማዋን እያሰረች «እሺ እማዬ» አለች። ሌላ ምን ትበል? እዚህ ፎቅ ቤት ከገቡ ስድስት ወራቸው ነው፤ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የሚወራው ይኸው ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ሰው ከሁለተኛ ፎቅ ወደ ሦስተኛ መውጣት ይጀምራል። አይሮጥም፣ አይጎተትም። ትንሽ ይወጣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይወጣል። አስራ አራት ደረጃ ከወጣ በኋላ ፀጥ። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ ሃያ ነው፤ ስለዚህ ስድስት ሲቀረው ይቆማል ማለት ነው። አያንኳኳም፣ አይጣራም። እናትየውን የሚከነክናት ግን መቆሙ አይደለም። «ስትወርድ ሰምቻት አላውቅም» ትላለች፣ የሽንኩርት ዋጋ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብላ። «ሁልጊዜ ስትወጣ ነው የምሰማት።»

ትልቋ መጀመሪያ ሰሞን ተከራክራለች። የሁለተኛ ፎቁ መምህር ነው አለች፤ ግን መምህሩ ሦስተኛ ፎቅ ምን ይሠራል? እነሱ ካሉበት ፎቅ ሁለት በር ነው ያለው፤ አንደኛው ሕንፃው ከተሠራ ጀምሮ እንደተቆለፈ ነው፣ ባለቤቱን ያየ የለም። ከዚያ በላይ ጣራ ነው። የውሃ ቧንቧ ይሆናል አለች፤ «ቧንቧ ደግሞ ያርፋል እንዴ?» አለቻት እናትየው። ከዚያ ወዲህ ክርክሩን ትታ «እሺ እማዬ» ማለት ለመደች። ባለፈው ሳምንት ግን፣ እናትየው አሟት በተኛችበት ቀን፣ ከሥራ ቀድማ ገብታ ድንች ስትልጥ፣ ድምፁን ራሷ ሰማችው። ቢላዋውን እንደያዘች፣ ሳትፈልግ ቆጠረች። አስራ አራት ላይ ሲቆም ሄዳ በሩን ከፈተችው። ማንም የለም፤ በደረጃው መስኮት የሚገባው ቀይ ብርሃን ብቻ ግድግዳው ላይ አርፏል። ለእናቷ ምንም አላለችም። ተመልሳ፣ የታጠበውን ድንች እንደገና አጠበችው።

እናትየው ከደረጃ ጋር ያላት ጠብ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። ትንሿ ልጇ በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ ስትሞት ከሐኪም ቤት የተሰጣት ወረቀት «ከአስራ አራት ደረጃ ወድቃ» ይላል። የት ያለ ደረጃ? ብላ ብትጠይቅ የሚመልስላት ጠፋ። ትንሿ ትሠራበት ከነበረው ልብስ ስፌት ቤት ሄደች፤ እዚያ ከአንዲት የበር ደፍ በቀር ከፍ ያለ ነገር አልነበረም። የሰፈሩም ቤት ሁሉ መሬት ለመሬት ነው። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ አንድ ነገር ያዛት፤ ከተማውን እየዞረች ደረጃ መቁጠር። ፖስታ ቤቱ አስራ ሰባት፣ ባንኩ አስራ ሁለት፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሃያ ሦስት። ዘበኞቹ ለምደዋት «ማዘር፣ ካለፈው ሳምንት ጨምሮ አገኙት?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። አስራ አራት የሆነ ግን አንድም ቦታ አላገኘችም። ጉልበቷ ሲከዳት ተወችው። ሰፈራቸው ፈርሶ ይሄ ቤት ሲደርሳቸው፣ አልወጣም ብላ አስቸግራ፣ ዕቃ ጫኞቹ ከነወንበሯ ተሸክመው፣ ዓይኗን በሻርፕ እንዳሰረች ነው ያስገቧት። ከገባች ወዲህ አንድ ቀን አልወረደችም። ደረጃው ላይ የምትቆመው ትንሿ እንደሆነች አልተጠራጠረችም፤ ልጇን ምን ብላ ትፈራለች? የምትፈራው ደረጃውን ነው። «አንዴ በልቶብኛል» ትላለች፣ «አሁን ደግሞ እግሬን ልስጠው?»

ትልቋ የምትሠራው ትንሿ በሞተችበት በዚያው ሐኪም ቤት ነው፤ ጡረታ ልትወጣ ሦስት ወር ቀርቷታል። በወጣትነቷ የድንገተኛ ክፍሉ መስኮት ላይ ተቀምጣ የገባውን ሁሉ ስሙን፣ ዕድሜውንና የመጣበትን ምክንያት መዝገብ ላይ ታሰፍር ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ እሷና መዝገቦቹ አብረው ምድር ቤት ወረዱ። ሠራተኛው «እትዬ መዝገብ» ይላታል፤ በስሟ የሚጠራት ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የለም። ምድር ቤቱ የራሱ ጠረን አለው፣ የእርጥብ ካርቶንና የድሮ ቀለም። አምፖሉ እንደሚያንቀላፋ ሰው እየጠፋ ይበራል። መደርደሪያዎቹ ጣራ ድረስ ናቸው፤ በመካከላቸው የሚያልፍ ሰው ትከሻውን ማዞር አለበት። አንዳንዴ ብቻዋን ስትሆን መዝገቦቹ አርፈው የተኙ አይመስሏትም። ዝም ብለው የሚያዩ ይመስሏታል። ሬዲዮ ከፍታ ታስቀምጣለች።

ዘጠኝ ቀን ሆነ፣ አንዲት ወጣት ጠበቃ እየመጣች ከእሷ ጋር አቧራ ትበላለች። ትልልቅ መነጽር ያደረገች፣ ቀጭን፣ ብስኩቷን ሳታካፍል የማትቆርስ ልጅ ናት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፅንስ ማቋረጥን የሚከለክለው የድሮው ሕግ ከተሻረ አስራ ስምንት ዓመቱ ነው። አሁን ይመለስ የሚሉ ሰዎች ተነስተዋል። ትልቁ ክርክራቸው «በዚያን ጊዜ በዚህ የሞተች ሴት የለችም፤ የሐኪም ቤቶቹን መዝገብ ገልጣችሁ እዩ» የሚል ነው። ጠበቃዋ ገልጣ እንድታይ ተላከች። ያገኘችውን ለምክር ቤቱ የምታስገባው ነገ ረፋድ ላይ ነው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለች ዛሬ፣ መነጽሯን በሹራቧ ጫፍ እየጠረገች።

«ከመቼ ወዲህ ነው ፈቃድ መጠየቅ የጀመርሽው?»

ልጅቷ አልሳቀችም። «ሕጉ ሊለወጥ አስራ አምስት ዓመት ሲቀረው ጀምሮ እስከተለወጠበት ቀን ያለውን ሁሉ አየሁት። ውርጃ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ከደረጃ የወደቁ ሴቶች ግን ስድስት መቶ አርባ ናቸው።» ደብተሯን አዞረችላት። «ከደረጃ የወደቀ ወንድ የለም። ከደረጃ የወደቀች አሮጊት የለችም። ሁሉም ከአስራ አምስት እስከ አርባ ዓመት ናቸው። የመጡበትን ሰፈር አየሁት፤ በዚያን ጊዜ ፎቅ ያልነበረበት ሰፈር ነው። ከዚያ ሕጉ ተለወጠ፤ በዚያው ወር ሴቶቹ መውደቅ አቆሙ።»

አምፖሉ ጠፍቶ በራ። ትልቋ «ጫማ ተሻሽሎ ይሆናላ» አለች። ቀልዱ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ቀፈፋት። ልጅቷ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ እያደረገች አሳየቻት፤ ከደረጃ ወድቃ፣ ከደረጃ ወድቃ፣ ከደረጃ ወድቃ። ያሳየቻት ሁሉ በአንድ ዓይነት የተስተካከለ እጅ የተጻፈ ነው። «ጽሑፉ የእርስዎ ነው» አለቻት በቀስታ። «እኔ አልፈርድብዎትም። ግን ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ አንዲት የታወቀች ሴት ጠቅሶ በጽሑፍ ካልመሰከረልኝ፣ ነገ የማቀርበው ዜሮ ነው። ስድስት መቶ አርባ ሴት ቀልቧ ሳይኖር ከደረጃ ተንሸራተተች ብዬ ነው የማስገባው።»

«እኔ የነገሩኝን የምጽፍ ሰው ነኝ፣ የኔ ልጅ» አለች ትልቋና ሬዲዮውን ከፍ አደረገችው።

የነገራት ሰው ግን ነበር። የድሮው ሕግ ያደረገችውንም፣ ያደረገላትንም፣ አውቆ ዝም ያለውንም ያስር ነበር። ሁለት ሐኪሞች «ካልተቋረጠ እናቲቱ ትሞታለች» ብለው ከፈረሙ ይፈቀዳል ይላል ወረቀቱ፤ ሁለተኛው ሐኪም ተፈልጎ እስኪገኝ ግን ፊርማው የሚያስፈልጋት ሴት አትቆይም። ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ አንድ የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ወንበር ተሰጥቶት ይቀመጥ ነበር፤ ሥራው ጠዋት ጠዋት መዝገቡን ማንበብ ነው። ውርጃ የሚል ካየ አልጋዋ ድረስ ይሄዳል፤ ደም ሳይሰጣት በፊት ማን እንደሠራላት ትጠየቃለች። አንዷን ግራ እጇን ከአልጋው ብረት ጋር በካቴና አሰሯት። እዚያው ሞተች። ቁልፉን የያዘው ሃምሳ አለቃ የዕረፍት ቀኑ ስለነበር ሬሳዋን መፍታት አልተቻለም፤ ከነአልጋው እየገፉ አወጧት። የአልጋው ጎማ ጩኸት እስከ ዛሬ ትልቋ ጆሮ ውስጥ አለ። በነጋታው ዋናዋ ሲስተር ሦስቱን መዝጋቢዎች አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል አስገብታ በሩን ዘጋችና «ከዛሬ ጀምሮ እነዚህ ሴቶች ከደረጃ ነው የሚወድቁት» አለቻቸው። በቃ፣ ሌላ ንግግር የለም። በሽተኛዋ ከመስኮቱ በሚሰጣት ካርድ ላይ «ከደረጃ ወድቃ» የሚል ሲመጣ ዋናዋ ሲስተር ራሷ ተቀብላ ወደ አራተኛ ክፍል፣ ወደ ሴቶቹ ክፍል ትወስዳታለች። የእውነት ከደረጃ የወደቀ ሰው ከመጣ «ተሰናክሎ» ተብሎ ይጻፋል፤ ወደ አጥንት ክፍል ይሄዳል። አሠራሩ እንደ ሰዓት ሳይዛነፍ ይሄድ ጀመር። ሃምሳ አለቃው አንድ ጊዜ መዝገቡን ዘግቶ «ማዘጋጃ ቤቱ የዚህን ከተማ ደረጃ ሁሉ ቢያስጠግን ምን አለበት?» ብሎ ነበር፣ ከልቡ አዝኖ።

ትንሿ የመጣችው ማክሰኞ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ትልቋ ቀና ስትል መስኮቱ ፊት እህቷ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል፣ በዚያ ሙቀት ሹራብ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ካለችው ሴትዮ ጋ ሄጄ ነበር። አትቆጪኝ» አለቻት በሹክሹክታ። ትልቋ ምኑን ትቆጣለች? ሃምሳ አለቃው ሦስት እርምጃ ርቆ ጋዜጣ ያነባል። እጇ እንደለመደው ጻፈ፣ ከደረጃ ወድቃ። እንዲያውም ከሌላው ቀን አሳምራ ጻፈችው። ካርዱን በመስኮቱ እያሾለከች «አራተኛ ክፍል ይወስዱሻል። እንደማታውቂኝ ሁኚ» አለቻት። ትንሿ የሚሏትን የምትሰማ ልጅ ነበረች። አንገቷን ነቅንቃ ሄደች።

ያን ቀን ግን ዋናዋ ሲስተር ዘመድ ሞቶባት አልገባችም። ካርዱን የተቀበለው ከሌላ ከተማ ተዛውሮ ከመጣ ሦስተኛ ቀኑ የሆነ ወጣት ሐኪም ነበር። ስለ አሠራሩ የነገረው የለም። ጨዋ ሰው ነው፤ የተጻፈውን አነበበ፣ የተጻፈውን አመነ። ከደረጃ የወደቀች ልጅ ወዴት ትላካለች? ወደ አጥንት ክፍል፣ የራጅ ወረፋ። የራጁ አግዳሚ ወንበር ደግሞ ከትልቋ መስኮት ፊት ለፊት፣ ከሃምሳ አለቃው ጎን ነው። ትልቋ አየች። ተነስታ «ስህተት ነው፣ አልወደቀችም» ማለት ትችል ነበር። ካለች ትንሿ ትታሰራለች፣ የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ትታሰራለች፣ እሷና ሲስተር ይታሰራሉ፣ በዚያች ሰዓት አራተኛ ክፍል የተኙት ዘጠኝ ሴቶች ከነአልጋቸው ይያዛሉ። ስድስት ሰዓት ይድረስ ብቻ አለች በሆዷ፤ ሃምሳ አለቃው ስድስት ሰዓት ላይ ምሳውን ሊበላ ከመንገዱ ማዶ ይሻገራል፣ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ያን ቀን ሚስቱ ምሳ ቋጥራለት ኖሯል። ስድስት ሰዓት ላይ የቆርቆሮ ሳሕኑን ጉልበቱ ላይ ከፈተ። ለትንሿም «ቅመሺ እንጂ፣ የወደቀ ሰው ባዶ ሆዱን አይሆንም» ብሎ አቀረበላት። አልበላም ስትለው በክዳኑ ውሃ ሰጣት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያቃጥለውም ይሄው ነው። የአጥንት ሐኪሙ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ «ስንት ደረጃ ነው የወደቅሽው?» አላት። ትንሿ ሐኪሙን አላየችም። በመስታወቱ ውስጥ እህቷን እያየች «አስራ አራት» አለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአግዳሚው ወንበር ተንሸራተተች። ሲመሽ ሞተች።

ትልቋ አስራ አራትን እስከ ዛሬ እንደ ውሸት ነበር የምታውቀው። ትንሿ ተጨንቃ ከአፏ ያመለጣት ቁጥር ነው ብላ፣ እናቷ ከተማውን ስትዞር ዝም ብላ አየች። አንድ ቀን «እማዬ፣ ተይው» ብትላት እናትየው «አንቺ የመዝገብ ሰው ነሽ፣ ቦታው ካልተጻፈ ምን ይሉታል?» አለቻት። ከዚያ ወዲያ አብረው ይበላሉ፣ ስለ ውሃ መጥፋት፣ ስለ ትራንስፖርት ዋጋ ያወራሉ፤ ስለ ትንሿ ሞት ግን አፋቸውን ሞልተው ተነጋግረው አያውቁም። ፈርታ ነው። ወሬው እንዳይወጣ የፈራች መስሏት ነበር፤ ሕጉ ከተለወጠ በኋላ ግን የሚያስፈራ ሕግ የለም፣ የቀራት ፍርሃት እናቷን ብቻ ነው።

የዚያኑ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ስትመለስ በጓሮ ያለው የሠራተኛ መግቢያ ተዘግቷል፤ አልጋ የሚገፋበትን ተዳፋት ሲሚንቶ እያፈሰሱበት ነው። ግንበኛው «እናቴ፣ ዛሬ በዋናው በር ነው» አላት። ሠራተኛ በዋናው በር አይገባም፤ እሷም በሠላሳ ሦስት ዓመት ሥራዋ ገብታበት አታውቅም ቢባል ይቀላል። ሕንፃውን ዞራ መጣች። በሽተኛ የሚገባበት የድንጋይ ደረጃ መሐሉ በእግር ብዛት ጎድጉዷል። ዳቦውን ታቅፋ መውጣት ጀመረች። ጉልበቷን ስላመማት ትንሽ ትወጣለች፣ ታርፋለች፣ ደግሞ ትወጣለች። አራተኛው ላይ ስትደርስ ይሄን አካሄድ ከየት እንዳወቀችው ገባት። መቁጠሩን ልታቆመው አልቻለችም። የመጨረሻው ድንጋይ ላይ ስትወጣ አስራ አራት ሆነ፤ ቀና ስትል ከፊቷ ያለው፣ አሁን ሰው የማይቀመጥበት፣ የድሮው የመዝገብ መስኮት ነው። የራሷ መስኮት። መስታወቱ ውስጥ ዳቦ የታቀፈች አንዲት አሮጊት ቆማለች።

ትንሿ አልዋሸችም ለካ። ሆዷን ይዛ፣ አንድ በአንድ እየቆጠረች፣ አስራ አራት ደረጃ ወጥታ ነው እህቷ ጋ የደረሰችው። እናትየው ይሄን ደረጃ ያልቆጠረችው ትንሿ ሌላ ቦታ ወድቃ ወደ ሐኪም ቤት መጣች ስለተባለ ነው፤ ሬሳዋንም የተቀበለችው በጓሮ በር ነበር። ትልቋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የሚያልፈው በሽተኛ ሁሉ እየዞረ ያያታል። አለቀሰች፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ፣ ዳቦው ላይ። ከዚያ ምድር ቤት ወርዳ ሬዲዮውን አጠፋችና ለጠበቃዋ «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነይ። አንዲት የታወቀች ሴት አለችኝ» አለቻት። «ዛሬ ግን ቀድሜ የምነግረው ሰው አለ።»

ቤት ስትደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። እናትየው እንደ ልማዷ ከበሩ ጀርባ ተቀምጣለች፤ ልጇን ለማሳለፍ ወንበሯን ገፋ አድርጋ መልሳ ቦታው ላይ አደረገችው። ትልቋ ኮቷን ሳታወልቅ እናቷ እግር ስር መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ደረጃውን አገኘሁት» አለች።

«የቱን?»

«አስራ አራት የሆነውን።»

ነገረቻት። ከወፍጮ ቤቱ ሴትዮ ጀምራ ምንም ሳታስቀር፣ የቆርቆሮ ሳሕኑን፣ በክዳን የተሰጠውን ውሃ፣ አሳምራ የጻፈችውን ጽሑፍ፣ ሁሉንም። እናትየው አላቋረጠቻትም። ስትጨርስ እናትየው እጆቿን አየች።

«ታይሽ ነበር?»

«ታየኝ ነበር።»

«አልጠራችሽም?»

«እንደማታውቂኝ ሁኚ ብያት ነበር።»

«ፖስታ ቤት» አለች እናትየው። «ባንክ። ማዘጋጃ ቤት። ዘበኛ ሲስቅብኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንቺ ቁጭ ብለሽ ታዪኛለሽ?» ድምፅዋ አልጨመረም፤ ቢጨምር ይሻል ነበር። ትልቋ አንገቷን ደፋች። እናትየው ወደ ግድግዳው ዞረች። ትልቋ በዚያች ሰዓት እናቴን አጣኋት ብላ ነበር። የመምህሩ ቤት ውሃ ሲቀዳ፣ ከታች መኪና ሲቆም፣ ሰው በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ስለዚህ ደረጃው አልበላትም» አለች እናትየው በመጨረሻ፣ ወደ ግድግዳው እንዳየች። «በከንቱ ነዋ የተጣላሁት።» ቀጥላም «ነገ ትወስጂኛለሽ። ልረግጠው እፈልጋለሁ። ያቺ ልጅ የምትጽፈውንም፣ ስሟን ከነአባቷ አሟልታ ትጻፈው። በደረጃ እንዳታሳብብ። አንቺም በራስሽ እጅ ፈርሚ» አለች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። እጇን ግን ዘርግታ የትልቋን የኮት አንገትጌ፣ ታጥፎ የቀረውን፣ አስተካከለችላት።

ያን ጊዜ ከታች መውጣት ጀመረ። ሁለቱም ሰሙት። ትንሽ ይወጣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይወጣል። እናትየው በከንፈሯ ትቆጥራለች፣ ትልቋ በሆዷ። አስራ ሁለት። አስራ ሦስት። አስራ አራት። ፀጥ አለ።

እናትየው የበሩን እጀታ ይዛ ተነሳች። ከገቡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን በራሷ እጅ ከፈተችው፤ ቀዩ ብርሃን ወለሉ ላይ ገባ። ደረጃው ባዶ ነው። ወይም ለትልቋ ዓይን ባዶ ነው። እናትየው ደፉ ላይ ቆማ፣ ቁልቁል፣ ስድስት ደረጃ ዝቅ ብሎ ወዳለው ቦታ ተመለከተች።

«ነይ ግቢ፣ የኔ ልጅ» አለች። «ሰውየው ሄዷል። እህትሽም ታውቅሻለች። ማንም ምንም አይጠይቅሽም።»

ለትንሽ ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያ አንድ እግር ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ተሰማ። እናትየው የትልቋን ክንድ አጥብቃ ያዘች።

«አስራ አምስት» አለች። «አስራ ስድስት።» አልቸኮለችም፤ ሲያርፍ አብራው ታርፋለች። «አስራ ሰባት። አስራ ስምንት። አስራ ዘጠኝ።»

ትልቋ ወንበሩን ከበሩ አጠገብ አነሳችና ግድግዳውን ተጠግታ መንገድ ለቀቀች።

«ሃያ» አለች እናትየው።